ፎሙን ትቼ የድንጋይ ሱፍ የጫንሁ ዕለት

ሐጁ ሌባ ብሎኛል። ሌባ አይደለሁም፤ የታዘዝሁትን ግን አላመጣሁም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል።

ሐጁ የእርሻው ባለቤት ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ከባሱንዳ ራቅ ብሎ፣ ጥቁሩ ጭቃ የመኪና ጎማ በሚውጥበት በኩል፣ ዓይን እስኪደክም የሚሄድ የሰሊጥ መሬት አለው። አማርኛውን የተማረው መተማ ገበያ ላይ ስለሆነ ከሰላምታው ክርክሩ ይቀናዋል። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አጨዳ ላይ ሠላሳ ያህል ነበርን። አብዛኞቹ ከቋራ፣ ከመተማና ከአርማጭሆ ለወቅቱ የወረዱ ናቸው፤ ጥቂቶቻችን ደግሞ ወደ ሰሜን ልናልፍ መጥተን ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው እዚሁ የቀረን። የምናድረው ራኩባ ሥር ነበር፤ አራት ባላ ተተክሎ ከላይ አገዳ የተጣለበት ጥላ ነው። ራኩባ ለጤነኛ ሰው ደህና ነው። ወባ የጣለውን ሰው ግን ዝናብም አቧራም እንዳይመታው ብለን የምናስተኛው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። አያ ስድስት ቀን የተኛው እዚያ ነው።

አያ የሥጋ ወንድሜ አይደለም። ድንበሩን አብረን ስንሻገር ውሃውን ያካፈለኝ ሰው ነው፤ በአስራ አምስት ዓመት ይበልጠኛልና አያ አልሁት፣ በዚያው ቀረ። ጥቅምት በገባ ቁጥር ወባው ይነሳበታል። ያን ጊዜ ቀትር ሲሆን ከቆርቆሮው ሥር ጎትቼ አወጣውና ከውጭ በግድግዳው ጥላ አስተኛዋለሁ፤ ጥላው ሲዞር እኔም እሱን ተሸክሜ እዞራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከሞራሌው የወጣ ሚስማር እንኳ በእጅ አይነካም ነበር። በአራተኛው ቀን ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «ትኩሳቱ የኔ ነው ወይስ የቤቱ?» አለኝ።

ከዚያ ክፍል የተነሱ ሁለት ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት እርሻ ሄዱ፤ እነሱን ተከትለው ሌሎች አስር። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም። ቆባው ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል፤ ጥቁር አፈር ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ማን ይለቅመዋል? ሐጁ ብዙ ሰሊጥ ፈሰሰበት። ዘንድሮ የበሽተኛ ቤት እሠራላችኋለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሠራም፤ ግድግዳው ጡብ፣ ጣሪያው ያው ቆርቆሮ። አጠገቡ ለመጪው ዓመት የሚዘራውን ዘር የሚያኖርበት መጋዘን አቆመ፤ ለመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ገዛለት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጠራኝ። ማንበብ የማውቅ እኔ ነኝ። ዓረብኛውን ከሱቅ ማስታወቂያ፣ የፈረንጁን ፊደል ከመድኃኒት ካርቶን ለቅሜ ነው የተማርሁት።

«ገዳሪፍ ሂድ። ለመጋዘኑ ባለ ፎይሉን የድንጋይ ሱፍ፣ አስር ሳንቲም ውፍረት ያለውን። ለናንተ ቤት ነጩን ፎም።»

«ፎሙ ሙቀቱን ምን ያህል ያስጥላል፣ ሐጅ?»

«ከራኩባ ይሻላል። ሂድ።»

ሱቁ ከእህል ገበያው ጀርባ ነው፤ ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ባለፈ ቁጥር ደጃፉ ላይ የተደገፈው ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ባለሱቁ ስልክ ላይ ነበር። ዕቃ የሚያሳዩት ከካርቱም የተፈናቀሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሥጋና የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገጥሙ የኖሩ። ሰው ሁሉ ኡስታ ይላቸዋል፤ እጁ የተፈተነ ባለሙያ ማለት ነው። በዓረብኛ ነበር የምናወራው፤ የኔን ዓረብኛ ሲሰሙ ዝግ እያሉ ይናገሩልኝ ነበር።

«ለምን ይሆንሃል?» አሉኝ።

«አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለሰው።»

«መጀመሪያ የሰውን ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። ወባውን፣ ቆርቆሮውን፣ ጥላ ተከትሎ መዞሩን። ሳያቋርጡኝ ሰሙና አራት ሰሌዳ አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩ፤ አራቱም ድንጋይ ቀልጦ እንደ ጥጥ ከተፈተለ በኋላ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው ምንም ያልለበሰ ነበር። በመዳፌ ባሸው የማይታይ እሾህ ተሰካብኝ።

«ይህ ኮርኒስ ላለው ቤት ነው» አሉ። «ኮርኒስ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንግዲያው ብናኙ በሽተኛው ላይ ይዘንባል። ዓይኑ ላይ፣ ጉሮሮው ውስጥ። ተወው።»

ሁለተኛው ፊቱ ላይ ቡናማ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«ምስጥ አለ?»

«ኡስታ፣ እኛ ነን የምስጡ ጭሰኞች።»

ሳቁ። «ወረቀቱን ይበላላችኋል። ምስጡ ቢተወው እሳት አይተወውም።» ሦስተኛው ጥቁር ስስ ጨርቅ የለበሰ ነው፤ የአየር ቱቦ ለሚሠሩ ነው ብለው በእግራቸው ገፋ አደረጉት። አራተኛው ባለ ፎይሉ ነው። ፎይሉ ውስጥ እንደ መረብ የተሠራ ክር አለ፣ እንዳይተረተር። ማዕዘኑን በጥፍሬ እንድፈለቅቀው አዘዙኝ። ታገልሁ፤ አልነሳ አለ።

«በጥፍር የሚላቀቅ ፊት አትግዛ፤ ሙቀት ሲያገኘው ራሱ ይወድቃል። አሁን በጉልበትህ ተጫነው። ተመለሰ? ደግ። ልል የሆነው በሁለት ዓመት እንደ አሮጌ አልጋ መሐሉ ይሰምጣል። የሞራሌውን ርቀት ለክተሃል?»

ከኪሴ የተቋጠረ ክር አወጣሁ። ክሩን ሰሌዳው ላይ ዘረጉት፤ ሰሌዳው ከቋጠሮው የጣት ስፋት ያህል ይተርፋል። «ተጨናንቆ ሲገባ ነው የማይወርደው» አሉና ክሬን አጣጥፈው መለሱልኝ። «ፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ሰው አድርጉት። ሰው ሁሉ የሚያብረቀርቀውን ወደ ፀሐይ ማዞር ያምረዋል። ወደ ላይ ያየ ፎይል በዚህ አገር በአንድ ወር አቧራ ይለብሳል፤ አቧራ የለበሰ መስታወት ምን ያሳያል? በቆርቆሮውና በሱፉ መሐል አየር የሚያልፍበት ተዉለት። መገጣጠሚያውን በፎይል ፕላስተር ዝጉት።»

«ለሰው ግን የታዘዝሁት ፎም ነው» አልሁ።

«በበሽተኛው ክፍል እሳት ታነዳላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አጥሚት እናሞቃለን። ትንኝ ለማባረር ደግሞ ኩበት እናጨሳለን።»

በጓሮ ወሰዱኝ። የእጅ መዳፍ የሚያክል ፎም ጡብ ላይ አስቀምጠው ክብሪት ጫሩበት። ነጩ ነገር መጀመሪያ አለቀሰ ብል ይሻላል፤ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ከዚያ የሚነድ ጠብታ ወደ መሬት ያንጠባጥብ ጀመር። ጭሱ ጥቁር ነበር፤ እኔም እሳቸውም ወደ ኋላ አፈገፈግን። የድንጋይ ሱፉን ቁራጭ እዚያው እሳት ላይ ጣሉት። ዳር ዳሩ ጠቆረ፤ ሌላ ምንም።

«አስር ሳንቲሙን ለዘሩ ከወሰድሁ ለሰው ከፎም መግዣ በቀር አይተርፍም» አልሁ።

«ብዙውን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው አምስት ሳንቲም ነው። ሁለተኛው አምስት ይጨምራል እንጂ እጥፍ አያደርግም።»

«ለሁለቱም ቤት አምስት አምስት ብወስድስ?»

«ገንዘቡ አንድ ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን አጠበቡብኝ። «ባለቤቱ እንዲህ አድርግ ብሎሃል?»

«አላለም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም» ብለው የባለ ፎይሉን ሰሌዳ ጥቅሎች እየመረጡ ወደ መጣሁበት ጭነት መኪና ማስጠጋት ጀመሩ። በፎሙ ሂሳብ ሁለት ጥቅል ፕላስተር ጨመሩ። ፎሙ ሱቁ ውስጥ እንደተቆለለ ቀረ።

መንገዱን ሁሉ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ለሐጁ የምናገረውን አሰናዳ ነበር። የዘሩን ልብስ ግማሹን ገፍፌ ለሰው እንደሰጠሁ አውቃለሁ። ሚዛኑ ላይ ዘርና አያ ሲቀመጡ የትኛው እንደሚከብድ እኔ ወሰንሁ፤ ማንም አልሾመኝም። ያን ቀንም አላፈርሁበት፣ ዛሬም አላፍርበትም።

ያሰናዳሁትን ለመናገር ዕድል አላገኘሁም። እርሻው ስንደርስ ሐጁ ጆንያ መውጊያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ገዳሪፍ ገበያ የሚውል ሁሉ ይህን ብረት ያውቀዋል፤ እንደ ቀንድ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ነው። ነጋዴ የጆንያን አፍ አያምንም፤ ከላይ ጥሩ ሰሊጥ፣ መሐሉ አፈር ሊሆን ይችላልና ጎኑን ይወጋና በብረቱ ቦይ የወጣውን መዳፉ ላይ አፍስሶ ያያል። ሐጁ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የገዛው። የታሸገ ነገር ሲያይ እጁ ዝም አይልም።

የመጀመሪያውን ጥቅል ወጋው። ፎይሉ እንደ ከበሮ ጮኸ። ብረቱን ሲስበው ጫፉ ላይ ቡናማ የሱፍ ቁራጭ ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው፣ የፍየል ጠጉር?»

«ሐጅ! ፊቱን እኮ እየቀደዱት ነው!»

«አንተ ልጅ፣ ሰሊጥ ስወጋ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። መሐሉ አፈር ቢሆንስ?»

ወጋ። ዞሮ በጎኑ ወጋ። ወደ ሌላው ጥቅል ተሻገረ። እጁን ልይዘው ስል ሾፌሩ ትከሻዬን ያዘኝ። ግማሽ ያህሉን ጭነት እንዲህ በሳስቶት፣ ላቡን በጀላቢያው እጅጌ ሲጠርግ ነው ቀና ብሎ መኪናውን ያየው።

«ፎሙስ?»

«ፎም የለም።»

«ምን ማለት የለም?»

«ሁሉም የድንጋይ ሱፍ ነው። ለሁለቱም ቤት አምስት ሳንቲም። ደረሰኙ ይኸው።»

ወረቀቱን አላየውም። እኔን ነበር የሚያየው። «ሌባ» አለ። «ዘሬን ግማሽ ልብስ አልብሰህ ልታስተኛው?»

«ዘሩ ማቀዝቀዣ አለው ሐጅ። አያ የለውም።»

«አያህን አላውቀውም! ይህ ሁሉ ለመጋዘኑ ነው፤ ሁለት ሁለት ተደርጎ ይደረባል። የናንተ ቤት በቆርቆሮው ይቆያል። ኸላስ!»

ኸላስ ካለ አለቀ ማለት ነው። ጥቅሎቹ ወደ መጋዘኑ ደጅ ተጋዙ። እኔም አብሬ ተሸከምሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በዚያው ሳምንት አያን ብርድ ብርድ አለው። የመጀመሪያው ቀን ነበርና ገና ይቀልዳል። አጠገቡ ተቀምጬ ያሰብሁትን ስነግረው ግን ቀልዱን ተወ።

«አንተ ልጅ፣ በኔ ሰበብ እንጀራህን አትድፋ። ባለፈው ዓመት አልሞትሁ።»

«በኔ ጀርባ ነዋ ያልሞትኸው።»

«እንግዲያው ዘንድሮም ተሸከመኝ፣ ከስቻለሁ እኮ።»

«አልሸከምህም» አልሁት። «ደግሞ ለአንተ ብቻ አይደለም። ነገ እኔ እተኛበታለሁ፣ ከነገ ወዲያ ያ ዳር ላይ የተኛው።» ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበና «እንደ አህያ ነህ» አለ። ፈቃድ አድርጌ ወሰድሁት።

እኛ ዘንድ አጨዳ የሚጀመረው በግጥም ነው። ሰዉ ማጭዱን ይዞ በተርታ ይቆማል፤ አውጪው አንድ ቤት ግጥም ሲጥል ተርታው ሆ ብሎ ይቀበልና ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጎነብሳል። አውጪው ሳይጀምር የሚያጎነብስ የለም። ዘንድሮ አውጪው እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ሐጁ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል፣ የታችኛው ቆባ አፉን ሊከፍት ትንሽ ቀርቶታል። እንዲህ አወጣሁ፦

«ሰሊጡ ቤት ገብቶ በብር ተሸፈነ፤
ያጨደው ሰው ግና እንደ ቆሎ ሆነ።»

ተርታው ሆ አለ። አላጎነበሰም ግን፤ ተቀመጠ። ሁሉም አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አጎንብሰው አጨዱ፤ አንደኛው ልጆቹን እንደሚያሳድግ ስለማውቅ ምንም አላልሁትም። የቀሩት ማጭዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

ሐጁ አማርኛ ይሰማል። ቀስ እያለ መጣ።

«ይህ የማን ግጥም ነው?»

«የኔ።»

«ስንቶቻችሁ የመኖሪያ ወረቀት አላችሁ?» ጮክ ብሎ ነው ለሁሉም የተናገረው። «አንድ ስልክ ነው የሚበቃኝ።»

ተርታው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወረቀት የለኝም። ያን ጊዜ ካጎነበስሁ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንደማጎነብስ ተሰማኝ።

«ይደውሉ» አልሁ። «ሲመጡ ሰሊጡን እነሱ ያጭዱልዎታል።»

ከወደ ዳር የቋራው ሰውዬ «እሰይ! ፖሊስ ማጭድ ሲይዝ ሳላይ አልሙት!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሌላው። ያ ሳቅ ባይኖር ምን እንደምንሆን አላውቅም። ሐጁ ስልኩን አውጥቶ ይዞት ቆየ። አልደወለም።

ፀሐዩ እየከረረ ሄደ። እኛ ተቀምጠናል። ሁለቱ ሰዎችም ትንሽ አጭደው ተቀላቀሉን። አራት ሰዓት ግድም ሐጁ ወደ ማሳው ዳር ሄደና አንድ አገዳ ቆረጠ፤ ቁልቁል ገልብጦ መዳፉ ላይ አራገፈው። ከተቀመጥሁበት ፍሬው ሲፈስ ይታየኝ ነበር። መዳፉን አየ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«የተወጋውን ውሰዱ። ያልተወጋው ለዘሬ ነው።»

«ፕላስተሩንም» አልሁ።

«ፕላስተሩ ለመጋዘኑ ነው!»

«ብናኙ በሽተኛ ላይ እንዳይዘንብ ቀዳዳው መደፈን አለበት። ቀዳዳው ደግሞ የእርስዎ ነው ሐጅ።»

አንዱን ጥቅል ፕላስተር ከመኪናው አውጥቶ ወረወረልኝ፤ ሊሰጠኝ ሳይሆን ሊመታኝ ነው የወረወረው። ቀለብሁት። ተርታው ተነሳ። ሌላ ግጥም አወጣሁ፣ እሱን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ስድብ ነበረበት።

እኔና ሦስት ሰዎች ለጣሪያው ቀረን። አፍና አፍንጫችንን በረጠበ ጨርቅ አስረን፣ እጅጌያችንን አውርደን ሰሌዳዎቹን በሞራሌዎቹ መሐል እየጠቀጠቅን አስገባናቸው፤ ከቆርቆሮው በታች አየር የሚያልፍበት ተውንለት፣ ከሥር ከአጥር የተረፈ የሽቦ መረብ ወጠርን። ፊታቸውን ወደ ታች አደረግን። አንደኛው ሰውዬ «የሚያብረቀርቀው ለፀሐይ አይደል?» ብሎ ተከራከረኝ፤ የኡስታን የአቧራ ነገር ነገርሁት። ከዚያ ቀዳዳውን መድፈን ነው። እያንዳንዱ ጣት ያስገባል። በጣቴ ሱፉን ወደ ውስጥ እመልሳለሁ፣ ፕላስተሩን በማጭድ እቆርጣለሁ፣ በጥፍሬ ጀርባ እያሸሁ እለጥፋለሁ። ስንጨርስ ጣሪያው የተጣጣፈ ሱሪ ይመስል ነበር። አንገቴን ለሦስት ቀን አሳከከኝ።

መጋዘኑ በአንድ ንጣፍ ብቻ በመቅረቱ አልተጎዳም አልልም። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ይሰማል። ሐጁ ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም ዓይኔን አልሰብርም።

አያን በማግስቱ አስገባነው። ቀዝቃዛ ቤት አልነበረም፤ ማንም እንዳይዋሽ። ውጭ ቆርቆሮው እንቁላል ይጠብሳል፣ ከውስጥ ግን መዳፌን ሽቦው ላይ ባሳርፍ ፎይሉ እንደ ጤነኛ ሰው ገላ ለብ ያለ ነው። በቀትር ማንንም ጎትቼ አላወጣሁም። ክኒኑን ሰጠሁት፣ ትኩሳቱም ባለቤቱ ታወቀ፤ የአያ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን እየበረደ መጣ።

በዚያው በሦስተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሐጁ መጣ። ሰው ሥራ ሰልችቶት ተኝቶ እንደሆነ ሊያይ ነው የመጣው። አንድ በሽተኛ ብቻ አየ። ሊወጣ ዞረና ቆመ። ቀና ብሎ የተጣጣፈውን ጣሪያ ተመለከተ። ከዚያ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ግንባሩን ጠረገ። ጫማውን ማውለቅ ሲጀምር ከበሩ ተነስቼ መጣሁ።

«ሐጅ» አልሁት፣ «ይህ የበሽተኛ ቤት ነው። ትኩሳት ከሌለዎት ይውጡ።»

አፍጥጦ አየኝ። ጫማውን መልሶ አጠለቀ፣ ቆቡን ደፋ። በሩ ላይ ደርሶ «አጨዳው ሲያልቅ እዚህ እንዳላይህ» አለኝ።

«አያዩኝም። ጣሪያውን ግን እንዳይነኩት።»

ይህን በሹክሹክታ ነው ያልሁት። ፈርቼ አይደለም፤ አያ በቀትር እንቅልፍ ወስዶት ነበር።